እንዴት ሲስተም አናሊስት መሆን ይቻላል? ከባሕር ዳር መዝገብ ቤቶች የሚጀምር መንገድ

ሲስተም አናሊስት አንድ መሥሪያ ቤት ሥራውን በምን መንገድ እንደሚያከናውን አጥንቶ፣ የሚገነባው ሶፍትዌር ምን ማድረግ እንዳለበት ለፕሮግራመሮች ጽፎ የሚያስረክብ ባለሙያ ነው። በባሕር ዳር የማገኛቸው ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ የትኛውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መማር እንደሚሻል ነው። ቋንቋው ይደርሳል። ሙያው የሚለመደው መዝገብ ቤት፣ ዕቃ ግምጃ ቤትና ካርድ ክፍል ውስጥ ነው።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በኢንፎርሜሽን ሲስተም መመረቅ መንገዱን ያሳጥራል። ያለዚያ አይገባም ማለት ግን አይደለም። ሞዴል 19ን (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ከሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ለይቶ የሚያውቅ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ከብዙ አዲስ ተመራቂ ይቀድማል ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ኤስኪውኤል ይማሩ፤ በዳታቤዝ ከተቀመጡ ሠንጠረዦች መረጃ የሚጠየቅበት ቋንቋ ነው። ፖስትግሬኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ በነፃ ይገኛል፤ ሠንጠረዦችን ማገናኘት እስኪቀልልዎ ድረስ ይለማመዱበት።

አሁን ወደ ከባዱ ደረጃ እንምጣ፤ አንድን ወረቀት ከመነሻው እስከ መድረሻው መከተል። አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ያስፈቅዱ። በሰኔ ግን አይሂዱ፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ቀና ብሎ የሚያናግርዎ የለም። ለምሳሌ የዕቃ መጠየቂያውን ሞዴል 20 ይምረጡ። ጠያቂው ይሞላል፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ ግምጃ ቤቱ ሞዴል 22 ቆርጦ ዕቃውን ያስረክባል፣ ከቢን ካርዱም (የዕቃው ቀሪ መጠን ከሚመዘገብበት ካርድ) ይቀንሳል። መመሪያው የሚለው ይህን ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ሲሆን ግን ዕቃው በእምነት ይወጣል፤ በመሳቢያ ውስጥ ባለ ደብተር ይመዘገባል፤ ሞዴል 22 በማግሥቱ ይቆረጣል። ያንን ደብተር ማግኘት የእርስዎ ሥራ ነው። ለእርሱ ቦታ ያልሰጠ ሲስተም ከተገነባ ሠራተኛው ሁለቱንም ጎን ለጎን ይይዛል፤ ብዙም ሳይቆይ የሚታመነው ደብተሩ ብቻ ይሆናል።

ደብተሩ በጥያቄ ብቻ አይወጣም። «ምን ዓይነት ሲስተም ይፈልጋሉ?» ቢሉ «ዘመናዊ» የሚል መልስ ይዘው ይመለሳሉ። ይልቅ «እትዬ፣ ትናንት መጨረሻ ላይ ያስተናገዱትን ሰው ወረቀት ያሳዩኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ» ይበሉ። ወረቀቱ እጃቸው ላይ ሲሆን የረሱት ሁሉ ይመጣል። ከዚያ ይቀጥሉ፦ ኃላፊው ባይኖርስ? መብራት ቢጠፋስ? ደረሰኙ ቢበላሽስ? አለቃ ባለበት ግን አይጠይቁ፤ ሠራተኛው መመሪያውን ይደግምልዎታል እንጂ ሥራውን አይነግርዎትም።

ከውጭ የመጡ መማሪያዎች የማይነግሩን ሌላ ጉዳይ አለ፤ ስም፣ ቀንና ሰዓት። በአንድ ጤና ተቋም «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ታካሚ በሌላ ቀን «ጸሐይ» ተብላ ስትፈለግ አትገኝም፤ አዲስ ካርድ ይወጣላታል፤ የሕመም ታሪኳም ለሁለት ይከፈላል። እኛ አንድ አድርገን የምናነባቸው ጸ እና ፀ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀም እንዲሁ ሦስት ናቸው። ስለዚህ ፍለጋው እነዚህን እንደ አንድ እንዲቆጥር በጽሑፍ ይጠይቁ። የቤተሰብ ስም የሚል ሣጥንም አይቀበሉ፤ የአባትና የአያት ስም ይሁን። የቀን መቁጠሪያው 13 ወር ይኑረው፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን መሆኗን ይወቅ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚነሳ ከሆነና ትኬቱ ላይ 7:00 ተብሎ ከታተመ፣ አገሬው ከቀትር በኋላ ወደብ ይደርሳል።

ያገኙትን ሲጽፉ የሚፈተን ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ሲስተሙ ፈጣን ይሁን» ማንም ሊፈትነው አይችልም። «የካርድ ቁጥር ሲገባ መዝገቡ በ3 ሰከንድ ውስጥ ይታይ» ግን ይፈተናል። የሥራውን ሂደት በሥዕል ለማሳየት እርሳስ ይበቃል፤ በኋላ ድሮው ዶት አይኦ በተባለው ነፃ የመሣያ ፕሮግራም ያስተካክሉት። እ.ኤ.አ. በ1997 መደበኛ የሆነው ዩኤምኤል (ሲስተምን በሥዕል የመግለጫ ደንብ) ብዙ ዓይነት ሥዕል አለው፤ ለጀማሪ ማን ምን እንደሚያደርግና ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድ የሚያሳዩት ሁለቱ ይበቃሉ። የሣሉትን መልሰው ለባለ ሥራዋ ያሳዩ፤ ካላረመችልዎት በደንብ አላየችውም ማለት ነው፤ ደግመው ይጠይቋት።

ሥራ ሲያመለክቱ ይህንኑ ሰነድ ያያይዙ። የሰዎችን ስምና ስልክ አስቀድመው ያጥፉ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለና። ማስታወቂያ ሲያነቡ «ቢዝነስ አናሊስት» የሚለውንም አይለፉ፤ ባንኮች ተቀራራቢውን ሥራ በዚህ ስም ያወጡታል። ለጀማሪ ቢዝነስ አናሊስቶች የተዘጋጀው ኢሲቢኤ የተባለው ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ ክፍያው ግን በዶላር ስለሆነ ከመጀመሪያው ሥራ በኋላ ቢያስቡበት ይሻላል።