አንድ ሀምበከር፣ ሁለት ድምፅ፦ የጊታር ፒክአፕ በፑሽ ፑል ፖት እንዴት ይያያዛል?

የኤሌክትሪክ ጊታራችሁ ሀምበከር የሚባለው ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ካለው፣ ሌላ ጊታር ሳትገዙ ሌላ ድምፅ ልታወጡበት ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው አንድ ፑሽ ፑል ፖት፣ መበየጃ፣ ቴስተርና ትዕግሥት ነው። ፑሽ ፑል ፖት ከላይ ሲያዩት ተራ የቮልዩም ማዞሪያ ነው። ወደ ላይ ሲስቡት ግን ከሥሩ ያለው ስዊች ይቀየራል። ጊታሩን መብሳት ስለማያስፈልግ ከትንንሾቹ ስዊቾች ይልቅ ሁሌም እሱን እመርጣለሁ።

በቅድሚያ ሀምበከሩ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ኮይሎች (የሽቦ ጥቅልሎች) አሉ። ኢንጂነሩ ሴዝ ላቨር ጊብሰን የጊታር ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሐሳብ ይሄው ነው። ነጠላ ኮይል በአካባቢው ካለ ኤሌክትሪክ «ኡምምም» የሚል ድምፅ ይለቅማል። ሁለተኛው ኮይል ማግኔቱም የሽቦው አቅጣጫም ተቃራኒ ስለሆነ ኡምታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል።

ሁለቱ ኮይሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያያዙት በሲሪስ ነው፣ ማለትም የአንዱ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር። ወፍራሙና ጉልበት ያለው ድምፅ ከዚያ ይመጣል። በፓራለል (መጀመሪያ ከመጀመሪያ፣ መጨረሻ ከመጨረሻ ጋር) ስታያይዟቸው ድምፁ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ግን ጥርት ይላል፣ ኡምታም የለበትም። ብዙ ሰው የሚሠራው አንዱን ኮይል ዘግቶ ሌላውን ብቻ ማስቀረት ነው። ሥራው ይቀላል፣ ኡምታው ግን ተመልሶ ይመጣል። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ ፓራለሉ ላይ ቀረሁ። ከዚህ በታች የማሳያችሁም እሱን ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። ከፒክአፑ የሚወጡት ሽቦዎች አራት ባለቀለምና አንድ ራቁት መሆን አለባቸው። አንድ ሽቦ ብቻ ከሆነ ተዉት፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ከፀጉር ስለሚቀጥን ለመክፈት መሞከር አያዋጣም። ሁለተኛ፣ ፑሽ ፑል ፖት ከተራው ይረዝማል። ጊታሩ ውስጥ ያለው ጉድጓድ እንደሚበቃው ለኩ። ከዚያ የድሮውን አያያዝ ፎቶ አንሱና ሽቦዎቹን ፍቱ።

አሁን ዋናው ነገር፦ የትኛው ሽቦ የትኛው ነው? ቀለሙን አትመኑ። ሲሞር ዳንከን የሚባለው አምራች ፒክአፕ ላይ ጥቁሩ ወደ ቮልዩም ይሄዳል፣ ነጭና ቀይ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ አረንጓዴው ግራውንድ (የጋራ መመለሻው መስመር) ነው። ሌላው አምራች ዲማርዚዮ ላይ ወደ ቮልዩም የሚሄደው ቀዩ ነው፣ የሚያያዙት ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ ግራውንዱ አሁንም አረንጓዴ። ያው ቀለም፣ ሌላ ሥራ።

እኔ የመጀመሪያውን ፒክአፕ ያያዝኩት በሌላ አምራች ሥዕል ነበር። ጊታሩ ጮኸ። ግን ድምፁ የቆርቆሮ ነበር፤ ቀጭን፣ ባዶ፣ ኡምታ የበዛበት። በቴስተር ስለካው ወደ 8 ኪሎ ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) አሳየኝ፣ ልክ መሆን እንዳለበት። ስለዚህ አያያዙ ትክክል ነው ብዬ ፖቱን ቀየርኩ፣ ጃኩን ቀየርኩ፣ ኬብሉን ቀየርኩ። ሁለት ቀን ሄደ። ችግሩ አንደኛው ኮይል ተገልብጦ መያያዙ ነበር። ተገልብጦም ቢሆን ኦሙ አይቀየርም። ቴስተሩ አልዋሸም፣ የጠየቅኩት ጥያቄ ነው የተሳሳተው።

ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። ቴስተሩን ኦም ላይ፣ 20 ኪሎ ላይ አድርጉት። አራቱን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ለኩ። ወደ 4 ኪሎ ኦም የሚያሳዩት ሁለት ሽቦዎች የአንድ ኮይል ጫፎች ናቸው። የቀሩት ሁለቱ የሌላው ናቸው። ከዚያ የቴስተሩን ቀይና ጥቁር ጫፍ በአንዱ ኮይል ሁለት ሽቦዎች ላይ እንደያዛችሁ፣ የብረት ካቻቢቴ በዚያው ኮይል ብረቶች ላይ አጋድሙና በፍጥነት አንሱት። ቁጥሩ ለቅጽበት ዘለል ወይም ወረድ ይላል። ብረቱ ሲነሳ ቁጥሩ ከወረደ፣ ጫፎቹን አቀያይሩና ድገሙት። ከዘለለ፣ ቀዩ የነካውን ሽቦ «+» ብላችሁ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፣ ሌላውን «−»። ሁለተኛውንም ኮይል እንዲሁ። ቀስት ያለው የድሮ ቴስተር ካላችሁ ይሄንን ከዲጂታሉ በተሻለ ያሳያል፤ የቀስቷ ንቅናቄ በዓይን ትታያለች።

አሁን አንደኛውን ኮይል ሀ፣ ሁለተኛውን ለ እንበላቸው። ሀ+ ወደ ቮልዩም ይሄዳል፣ ለ− ግራውንድ ላይ ይቀመጣል። እነዚህ አይነኩም። የሚዟዟሩት ሀ− እና ለ+ ብቻ ናቸው።

ከፖቱ ሥር ያለው ስዊች ስድስት እግር አለው፣ በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት። ሀ− የአንዱ ረድፍ መሀል ላይ፣ ለ+ የሌላው ረድፍ መሀል ላይ ይበየዱ። በአንድ ጫፍ ያሉትን ሁለት እግሮች በአጭር ሽቦ እርስ በርስ አገናኙ። ይሄ ሲሪስ ነው። በሌላው ጫፍ፣ በሀ− ረድፍ ያለውን እግር ወደ ግራውንድ፣ በለ+ ረድፍ ያለውን ወደ ቮልዩም ውሰዱ። ይሄ ፓራለል ነው። ፖቱ ወደ ታች ሲሆን መሀሉ ከየትኛው ጫፍ ጋር እንደሚገናኝ ሳትበይዱ በቴስተር እዩ። ሲሪሱን እዚያ አድርጉት፤ ተራው ድምፅ ሳትስቡት መምጣት አለበት።

ራቁቱን ሽቦ ከለ− ጋር ሳታጣምሩ ለብቻው ግራውንድ ላይ በይዱት። ወደፊት ፌዝ መቀየር (የፒክአፑን ሁለት ጫፎች ማገላበጥ) ብትፈልጉ ለብቻው መሆኑ ያስፈልጋችኋል። ካጣመራችሁት ግን ያኔ የፒክአፑ ክዳን ራሱ ኡምታ መልቀም ይጀምራል።

የብየዳው ችግር ያለው ከፖቱ ጀርባ ነው። ብረቱ ሰፊ ስለሆነ ሙቀት ይበላል። አቅም የሌለው መበየጃ ብዙ ደቂቃ ሲያርፍበት ውስጡን ያበላሸዋል። 350 ዲግሪ አካባቢ፣ ሰፋ ያለ ጫፍ፣ ሦስት አራት ሰከንድ። ጀርባውን ቀድማችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፉት። የቀለጠው ሊድ ጠፍጣፋ ሆኖ አብረቅርቆ ከተዘረጋ ይዟል። እንደ ኳስ ከተጠቀለለ አልያዘም።

የጊታሩን ክዳን ሳትዘጉ ፈትሹ። ኬብል ሰክታችሁ ቮልዩሙን ሙሉ አድርጉና የኬብሉን ሌላ ጫፍ በቴስተር ለኩት። ፖቱ ታች ሲሆን ወደ 8 ኪሎ፣ ሲሳብ ወደ 2 ኪሎ ኦም ካሳየ ስዊቹ ይሠራል። ከዚያ አምፕሊፋየር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ፒክአፑን በካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ ንኩ፤ በሁለቱም ቦታ «ጧ» ማለት አለበት። ክሮቹን ስትነኩ ኡምታው ከቀነሰ የድልድዩ ግራውንድ ሽቦ ተያይዟል። ካልቀነሰ እሱን ረስታችኋል።

ሀ+፣ ሀ−፣ ለ+፣ ለ− የትኛው ቀለም እንደሆነ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ክዳኑ ውስጥ ለጥፉና ዝጉት።