የኮልት ሽጉጥ ቅጂ ከበሮው አልዞር ሲል

ጎንደር ላይ የመቅደላን ታሪክ ለመድረክ የሚያዘጋጁ ልጆች የሚያመጡልኝ ሽጉጥ በአብዛኛው የ1851ዱ ኮልት ቅጂ ነው። ጣሊያን የተሠራ፣ ስድስት ጎራሽ፣ ባሩድና ካፕሱል የሚጠቀም። የከበሮው፣ ማለትም ባሩዱና ጥይቱ የሚገባበት የሚዞረው ክፍል፣ ስድስቱም ጉድጓድ ባዶ መሆኑን አይታችሁ ጀምሩ።

መቺው ይሳባል፣ ከበሮው አይዞርም

ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጋችሁ መቺውን፣ ከኋላ በአውራ ጣት የሚሳበውን ክፍል፣ ሳቡ። ዞረ? አሁን ወደ ሰማይ አድርጋችሁ ሳቡ። እምቢ አለ? በቃ፣ ሞላዋ ተሰብራለች።

ከመቺው ጋር የተያያዘ፣ ከበሮውን ከኋላ የሚገፋ ጣት አለ። ጣቱን ወደ ከበሮው ጥርስ የምታስጠጋው ጀርባው ላይ ባለ ስንጥቅ የተሰካች ስስ ሞላ ናት። እሷ ስትሰበር ጣቱ የሚጠጋው በክብደቱ ብቻ ነው። ሽጉጡ ሲያዘነብል የሚሠራው ለዚህ ነው።

አንድ ተዋናይ ልምምድ ላይ እምቢ ሲለው ከበሮውን በፒንሳ ጠምዝዞ ጥርሱን ሸራርፎ አመጣልኝ። በትንሽ ሞላ የተነሳ ከበሮ ያህል ነገር! ሌላው ሞላዋን በሱፐር ግሉ ለጥፏት ነበር። ሙጫው ስንጥቁ ውስጥ ደርቆ እሱን መፈልፈል ከጥገናው በላይ አደከመኝ። እባካችሁ፣ ሙጫ አታስጠጉ።

ጣቱን አውጡና የቀረውን ስባሪ ከስንጥቁ ግፉት። ከጠፍጣፋ የፀጉር ፒን ቁረጡ፣ በልኩ ሞርዱ፣ ሰክታችሁ የስንጥቁን ጠርዝ በቀስታ ቀጥቅጡ። ፒኑን እሳት አታስነኩት፤ ይለሰልስና ሞላነቱ ይጠፋል። ብዙም አታጉብጡት። ጣቱን ስትመልሱ ሞላዋን ወደ ውስጥ ተጭናችሁ አስገቡ፤ አለዚያ ገና ሳትሠራ ትጣመማለች።

ይዞራል፣ ግን ሳይደርስ ይቆማል

መቺውን በዝግታ ስትስቡ ከበሮው ቦታው ሳይደርስ ከቆመ የጣቱ ጫፍ አልቋል። አዲስ ጣት ብዙውን ጊዜ ረዘም ብሎ ነው የሚመጣው። ትንሽ እየሞረዳችሁ ሞክሩ። የከበሮውን ጥርስ ግን በፍጹም እንዳትሞርዱ! አንዱን ጥርስ ካሳጠራችሁ ስድስቱ እኩል አይቆሙም።

ከበሮው ዙሪያውን ተጭሯል

ከበሮውን ከሥር ቆልፎ የሚይዘው ማቆሚያ ያለቦታው እየተነሳ ነው። እግሩ ከተበላ ቀይሩት።

ቃታው ላላ

ባለ ሁለት እግሯ ጠፍጣፋ ሞላ አንድ እግሯ ሄዷል። ሙሉዋን ቀይሩ።

ብሎኖቹን በልካቸው ካቻቪቴ ፍቱ። ጭንቅላቱ የተላጠ ብሎን ማየት ሰልችቶኛል።

ተስቦ የቆመው መቺ ቃታ ሳይነካ በአውራ ጣት ግፊት ከወደቀ ግን መቺውና ቃታው የሚያያዙበትን ጫፍ አትሞርዱት። የጠነከረው የላይኛው ብረት ስስ ነው፤ ከተሞረደ ከሥሩ ያለው ለስላሳው ቶሎ ይበላል። መቺውንም ቃታውንም በአዲስ ቀይሩ። እስኪቀየር ድረስ ያ ሽጉጥ መድረክ ላይ አይውጣ።