ባልና ሚስት ከጎንደር እስከ ደባርቅ በብስክሌት እንዴት ይጓዛሉ?

ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከተማ ተነሥቶ ወደ 2,800 ሜትር ስለሚያወጣ፣ በሁለት ቀን ከፍሎ መጓዝ ይሻላል። ከሁሉ አስቀድመው የመንገዱን ጸጥታ ከአካባቢው ሰዎችና ከሾፌሮች ይጠይቁ፤ ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቆይ። ወቅቱም ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ቢሆን ይመረጣል።

ለጥንዶች ዋናው ጉዳይ ፍጥነት ነው። ብርቱው ዳገቱን ቀድሞ ወጥቶ ሌላውን ቆሞ ሲጠብቅ እርሱ በሚገባ ያርፋል፤ ተከታዩ ግን ትንፋሹን ሳይሰበስብ እንደገና መንዳት ስለሚጀምር ድካሙም ቅሬታውም ይደራረባል። ስለዚህ ቀስ የሚለው ከፊት ይምራ፤ ድንኳኑ፣ የመጠገኛ መሣሪያውና አብዛኛው ውኃ በብርቱው ብስክሌት ላይ ይጫን። በእኔ እምነት የብዙ ጥንዶችን ጉዞ ያማረ የሚያደርገው ይህ የጭነት ክፍፍል ነው። ከባዱ ዕቃ በኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ ይታሰር። የሁለቱ ብስክሌቶች ጎማ መጠን አንድ ከሆነ መለዋወጫው ለሁለቱም ያገለግላል።

በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት ምግብ ይገኛል፤ በመካከሉ ግን በሶና ቆሎ መያዝ ያስፈልጋል። የኮሶዬ ገደል እይታ ረዘም ያለ ዕረፍት የሚገባው ነው።

ቁልቁለት ላይ ፍሬንን ሳያቋርጡ መያዝ የጎማውን ቸርኬ አግሎ የውስጡን ጎማ ሊያፈነዳ ስለሚችል፣ እየያዙ እየለቀቁ ይውረዱ፤ ከብት ድንገት መንገድ ሊያቋርጥ ስለሚችልም ሁለቱ ተራርቀው ይንዱ።