ሞዴሉ ተሳፋሪውን ሁሉ በአንድ መስመር ሲጭን

ከአንድ ፌርማታ ሁለት መስመሮች ወደ አንድ መድረሻ ይሄዳሉ። «ሀ» በሰዓት 6 ጊዜ ይመጣል፣ ጉዞው 20 ደቂቃ ነው፤ «ለ» 12 ጊዜ ይመጣል፣ ጉዞው 26። ተሳፋሪዎች በየመስመሩ እንዴት እንደሚከፋፈሉ የሚተነብየው የትራንስፖርት ሞዴል ሰውን ሁሉ ለ«ሀ» ይሰጣል፤ በቆጠራ ግን አብዛኛው በ«ለ» ይሳፈራል።

አመጣጣቸው ፍጹም የተዘበራረቀ ስለሆነ አማካይ ጥበቃው የክፍተቱ ግማሽ ሳይሆን ሙሉው ነው፦ 10 እና 5 ደቂቃ። ከጉዞው ጋር ድምሩ 30 እና 31፤ ሞዴሉ አነስተኛውን ይመርጣል።

የጥበቃውን ክብደት በእጥፍ ማሳደግ ሁሉንም ወደ «ለ» ገለበጠ። ሎጂትም (አነስተኛ ጊዜ ለሚወስደው መስመር ትልቅ ድርሻ እየሰጠ ሰውን የሚያከፋፍል ቀመር) አልረዳም፤ 30 ከ31 ስለሚያንስ የቀመሩ ልኬት (ለጊዜ ልዩነት ያለው ስሜት) ምንም ቢሆን «ሀ» ከግማሽ በታች አይወርድም።

የሠራው፣ ተሳፋሪው የመስመሮች ስብስብ ይዞ ቀድሞ በመጣው ይሳፈራል ብሎ ማስላት ነው። ድግግሞሹ ሲደመር 18፤ ጥበቃው 60 ሲካፈል ለ18፣ 3.3 ደቂቃ፤ ድርሻው ለ«ሀ» አንድ ሦስተኛ፣ ለ«ለ» ሁለት ሦስተኛ፤ አማካይ ጉዞው 24፣ ድምሩ 27.3።

መስመሮችን ከአጭር ጉዞ ጀምሮ አንድ በአንድ ጨምሩ፤ የአዲሱ ጉዞ ብቻውን እስካሁን ከተገኘው ድምር ከበለጠ አቁሙ። ጉዞው 29 ደቂቃ የሚፈጅ ሦስተኛ መስመር «ሐ» ቢኖር ከስብስቡ ውጭ የሚሆነው በዚህ ነው፤ 29 ከ27.3 ይበልጣልና። ይህ ማጣሪያ ከተዘለለ ቀርፋፋ መስመሮች ያለአግባብ ይሞላሉ።

የመድረሻ ሰዓት የሚያሳይ ስክሪን ባለበት ፌርማታ ግን ክፍፍሉ አይሠራም፤ ተሳፋሪው ቀድሞ የሚያደርሰውን አይቶ ይመርጣልና።