አሜሪካ፦ ዲስአቢሊቲ እየተከፈላችሁ ፓርት ታይም ስትሠሩ

«ዲስአቢሊቲ (በሕመም ምክንያት የሚሰጠው የመንግሥት ክፍያ) እየተከፈለኝ ትንሽ ሰዓት ብሠራ ይቆረጥብኛል ወይ?» ለቅሶ ቤትም፣ ከቅዳሴ በኋላም፣ በስልክም ይህን የማልጠየቅበት ጊዜ የለም። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልስ ሰምቶ ነው የሚመጣው። አንዱን «በፍጹም ሥራ እንዳትነካ» ብለውታል። ሌላውን «በካሽ ሥራ፣ ማን ያውቃል?» ብለውታል። የመጀመሪያው ምክር ሰውን ያለ ምክንያት ቤት ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ዕዳ ውስጥ ይከታል። ስለዚህ የማውቀውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

መሥራት ይቻላል። ሕጉ ራሱ እንድትሞክሩ ይፈቅዳል። ግን መጀመሪያ የምትቀበሉት ገንዘብ የትኛው እንደሆነ እወቁ። እኛ ሁሉንም «ዲስአቢሊቲ» እንላለን፤ ክፍያውን የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ግን ሁለት የተለያዩ ክፍያዎች አሉት፤ የሥራ ሕጋቸውም አይገናኝም። ኤስኤስዲአይ ሠርታችሁ ከደሞዛችሁ ሲቆረጥ በነበረው ታክስ ያገኛችሁት መብት ነው። ኤስኤስአይ ደግሞ ገቢውም ጥሪቱም አነስተኛ ለሆነ ሕመምተኛ ወይም አረጋዊ የሚሰጥ ድጎማ ነው።

የትኛው እንደሆነ የሚናገረው የተፈቀደበት ደብዳቤ ከጠፋባችሁ ገንዘቡ ባንክ የሚገባበትን ቀን እዩ። ኤስኤስአይ የሚገባው ወሩ በገባ በ1 ነው፤ ቀኑ በዓል ወይም ቅዳሜና እሁድ ላይ ከዋለ ቀደም ይላል። ኤስኤስዲአይ ለአብዛኛው ሰው እንደ ልደት ቀኑ በወሩ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ረቡዕ ይገባል። ሁለቱንም የሚቀበል ሰው የሁለቱንም ሕግ መጠበቅ አለበት።

በዲቪ ለመጣችሁ አንድ ነገር ልበል። ግሪን ካርድ መያዝ ብቻውን ኤስኤስአይ አያሰጥም። በአብዛኛው ዜግነት ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ታሪክ ይጠየቃል፤ ይህ ወደ 10 ዓመት ሥራ ነው። በስደተኝነት የገባ ወይም ጥገኝነት ያገኘ ሰው ሊያገኝ ይችላል፤ ግን እስከ 7 ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ዜግነት ካልወሰደ ይቋረጥበታል። የዜግነት ማመልከቻውን እያዘገየ ሰባተኛው ዓመት የደረሰበትን ሰው መርዳት በጣም ከባድ ነው። እባካችሁ ቀኑን ቆጥራችሁ ያዙ።

ወደ ሥራው ልመለስ። ኤስኤስዲአይ ላይ ያለ ሰው የሙከራ ጊዜ አለው። በ2026 ታክስ ሳይቆረጥ ከ1,210 ዶላር በላይ የሠራችሁበት ወር አንድ የሙከራ ወር ተብሎ ይቆጠራል። እንዲህ ያሉ 9 ወራት አሏችሁ። ተከታታይ መሆን የለባቸውም፤ በ60 ወራት ውስጥ የተሠሩት ይደመራሉ። በእነዚህ ወራት የፈለጋችሁትን ያህል ብታገኙም፣ ሪፖርት እስካደረጋችሁና ሕመሙ እስካለ ድረስ ክፍያው ሙሉ ነው። ዘጠኙ ካለቁ በኋላ የ36 ወራት ጊዜ ይጀምራል። እዚህ ላይ የሚታየው ሌላ የገቢ መስመር ነው፤ በ2026 በወር 1,690 ዶላር፣ ለዓይነ ስውራን 2,830። መጀመሪያ ከመስመሩ ያለፋችሁበት ወርና ተከታዮቹ ሁለት ወራት ይከፈላሉ። ከዚያ በኋላ ያለፋችሁበት ወር አይከፈልም፤ ከመስመሩ በታች የሆናችሁበት ወር ይከፈላል። ጨርሶ ከተቋረጠ በኋላ ያው ሕመም መልሶ ሥራ ካስቆማችሁ ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ እንዲመለስላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ እንደ አዲስ ከዜሮ አትጀምሩም።

ኤስኤስአይ የሙከራ ወር የለውም። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሒሳብ ነው። ሌላ ገቢ ከሌላችሁ ከደሞዛችሁ ላይ 85 ዶላር ይተዉላችኋል፤ ከቀሪው ግማሹን ብቻ ነው የሚቆጥሩት። በወር 785 ዶላር አገኛችሁ እንበል። 85 ሲቀነስ 700፤ ግማሹ 350። የ2026 የፌዴራሉ ሙሉ ክፍያ ለአንድ ሰው 994 ስለሆነ 644 ይሰጧችኋል። ከደሞዙ ጋር 1,429 ሆነ። ቤት ከመቀመጥ ይሻላል ማለት ነው። «ሜዲኬይዴ (የመንግሥት የጤና መድኔ) ይቋረጣል» ብሎ የሚፈራም አለ። ደሞዛችሁ አድጎ የኤስኤስአይ ብሩ ዜሮ ቢሆን እንኳ፣ ሕመሙ ካለና ሜዲኬይዱ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ የየስቴቱ የገቢ ጣሪያ እስኪደርስ ይቀጥላል።

አሁን ራሴ ወደወደቅኩበት ጉድጓድ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ እንድታነቡት የምፈልገው ይህን ነው።

ኤስኤስዲአይ ላይ ሆኜ ተቀምጦ የሚሠራ ቀላል ሥራ አገኘሁ። ደሞዝ የምትሠራውን ሴት ለሶሻል ሴኩሪቲ ማሳወቅ እንዳለብኝ ጠየቅኳት። «እኛ እናሳውቃለን፤ ይኸው» አለችና ፔይ ስታቡ (የደሞዝ ወረቀቱ) ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ የተቆረጠበትን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። እውነትም ይቆረጣል። ግን ያ መስመር ታክስ እንጂ ሪፖርት አይደለም። አሠሪ የዓመቱን ደሞዝ ጠቅልሎ የሚልከው በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ነው። ተመዝግቦ፣ ከእናንተ ክፍያ ጋር ተመሳክሮ፣ ሰው እስኪያየው ደግሞ ሌላ ብዙ ጊዜ ይሄዳል። እስከዚያ ብሩ በየወሩ ሙሉ ይገባል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ሲገባ ሰው «አይተውት ፈቅደውታል» ይላል። አላዩትም። አንድ ቀን ወፍራም ፖስታ መጣ፤ የሙከራ ወራቴ አልቀው የማይገባኝ ገንዘብ በሺዎች የሚቆጠር ተከፍሎኛል፣ መልስ ይላል። ብሩ ለኪራይና ለመድኃኒት አልቋል። በየወሩ እየተቆረጠብኝ ከፈልኩ።

ስለዚህ ሥራ ስትጀምሩ፣ ስታቆሙ፣ ሰዓትም ሆነ ደሞዝ ሲቀየር ራሳችሁ ተናገሩ። ኤስኤስአይ ላይ ያላችሁ የወሩን ደሞዝ በሚቀጥለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ሪፖርት አድርጉ። ኢንተርኔት ላይ የራሳችሁን አካውንት ከፍታችሁ ማስገባት ይቻላል፤ ቢሮ ሄዳችሁም ይቻላል። በስልክ ከሆነ ረጅም ጥበቃ አለና ተዘጋጁ። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ነጻ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙ፤ የቤት ኪራይና የሕመም ታሪክ የልጅ ሸክም አይደለም። ሪፖርት ስታደርጉ ደረሰኝ ተቀበሉ። የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ፔይ ስታቦቹንም ደረሰኙንም አንድ ፎልደር ውስጥ በየወሩ አስቀምጡ። የሚቆጥሩት እጃችሁ የገባውን ሳይሆን ታክስ ከመቆረጡ በፊት ያለውን መሆኑንም አትርሱ። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈላችሁ ደግሞ ሦስት ቼክ የሚገባበት ወር አለ፤ ኤስኤስአይ ላይ የዚያ ወር ቅናሽ ይበዛል።

በካሽ መሥራትን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አትሥሩ። ሪፖርት ያልተደረገ ካሽ ሲታወቅ የስህተት ክፍያ ብቻ ተብሎ ላይታለፍ ይችላል፤ ማጭበርበር ሊባልም ይችላል። ዜግነት ላልወሰደ ሰው መዘዙ ከብሩ ይብሳል። ሰው ምግብ ቤቱ ውስጥ በካሽ አሠርቶት ሲጣላ ራሱ የሚጠቁም አሠሪም አለ። ኡበርና የምግብ ማድረስ ሥራም ቀላል ይመስላል እንጂ ለእኛ አስቸጋሪ ነው። የግል ሥራ ስለሆነ የቤንዚኑን፣ የማይሉን ወጪ ራሳችሁ መያዝ አለባችሁ። ኤስኤስዲአይ ላይ ደግሞ ትርፉ ትንሽ ቢሆንም በወር ከ80 ሰዓት በላይ ከሠራችሁ የሙከራ ወር ይቆጠራል። በሰዓት የሚከፍልና ፔይ ስታብ የሚሰጥ ሥራ ካገኛችሁ ያንን ምረጡ።

ኤስኤስአይ ላይ ያለ ሰው እጁ ያለውን ገንዘብም መጠበቅ አለበት። ጣሪያው ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 3,000 ነው፤ የሚታየውም ወሩ ሲገባ ያለው ነው። እቁብ ወጥቶላችሁ ባንክ አስቀምጣችሁ ወሩ ከተቀየረ ተያዛችሁ። የእድር ወይም የማኅበር ገንዘብ በስማችሁ አታስቀምጡ። ወንድማችሁ «ለማንኛውም» ብሎ አካውንቱ ላይ ስማችሁን ካስገባ፣ የሱ መሆኑን እስክታስረዱ ድረስ ገንዘቡ የእናንተ ተብሎ ይታሰባል። ሕመማችሁ 46 ዓመት ሳይሞላችሁ የጀመረ ከሆነ ስለ ኤብል አካውንት፣ ማለትም ለአካል ጉዳተኞች ስለተፈቀደው የቁጠባ አካውንት፣ ጠይቁ፤ እዚያ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ያለው ለኤስኤስአይ አይቆጠርም። ከ2026 በፊት የዕድሜው ገደብ 26 ስለነበር ያኔ አይመለከታችሁም ተብላችሁ ሊሆን ይችላል።

አገር ቤት የምትሄዱም ልብ በሉ። ኤስኤስአይ 30 ተከታታይ ቀን ወይም አንድ ሙሉ ወር ከአሜሪካ ውጭ ከቆያችሁ ይቆማል፤ ከተመለሳችሁ በኋላም 30 ተከታታይ ቀን እዚህ መቆየት አለባችሁ። ትኬት ስትቆርጡ ቀኑን ቁጠሩ።

ብዙ ተከፍሏችኋል የሚል ደብዳቤ ከመጣ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አላችሁ። ዕዳው ትክክል አይደለም ከሆነ ነገሩ ያ አንድ ፎርም ነው፤ ትክክል ነው ግን ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ መክፈልም አልችልም ከሆነ ዕዳው እንዲተውላችሁ የምትጠይቁበት ዌይቨር የሚባል ሌላ ፎርም ነው። ደብዳቤውን የማይገባችሁ ከሆነ በዚያው ሳምንት ነጻ የሕግ እርዳታ ድርጅት ውሰዱት፤ ፖስታውንም አትጣሉ፣ የተላከበት ቀን ያለው እሱ ላይ ነው።