መጀመሪያ ግምት፣ ከዚያ ሜትር

ለልጆቻችሁ ርዝመት ስታስተምሩ ማስመሪያውን ቶሎ አትስጧቸው። መጀመሪያ ይገምቱ፤ ግምታቸውንም ይጻፉት፤ ካልተጻፈ ልኩን ካዩ በኋላ ይለውጡታል። ቀጥሎ ጠረጴዛውን በስንዝር ይለኩ፣ እናንተም ለኩት። የእነሱ 9 ስንዝር የእናንተ 6 ሊሆን ይችላል። ሴንቲ ሜትር ለምን እንዳስፈለገ የሚገባቸው ያኔ ነው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ክፍል ነው።

የራሳቸውን ስንዝርና እርምጃ በሴንቲ ሜትር ለክተው ይያዙ (ሲያድጉ ይለወጣልና በየጊዜው ይለካ)። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግር ስትሄዱ፣ ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ቀጣዩ ስንት ሜትር እንደሚሆን ጠይቋቸው፤ ከገመቱ በኋላ በእግረኛ መንገዱ ላይ በእርምጃ ያረጋግጡ።

ማስመሪያ ሲይዙ ደግሞ ከ0 መስመር መጀመራቸውን እዩ፤ ብዙ ልጆች ከ1 ወይም ከፕላስቲኩ ጫፍ ይጀምራሉ።