ከውጭ አገር ሻጭ በኢንተርኔት የታዘዘ የቆዳ ሥራ ዕቃ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ አገር ያዘዝኩትን የቀበቶ ቆዳ ጥቅሉን ፈትቼ ጫፉን ይዤ ባነሣው እንደ እርጥብ ፎጣ ክንዴ ላይ ተጣጠፈ። በሻጩ ገጽ ላይ ውፍረቱ «4» ተብሎ ስለተጻፈ 4 ሚሊ ሜትር ነው ብዬ ነበር የከፈልኩት፤ በካሊፐር ስለካው 1.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በንዴት ለሻጩ ጻፍኩለት። እርሱም በትሕትና ቁጥሩ አውንስ መሆኑ በገጹ ግርጌ ተጽፎ እንደነበር አመለከተኝ፤ ወርጄ ባየው እውነትም ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ በራሴም ሆነ በሥራ ባልደረቦቼ ትዕዛዞች ላይ «ተበላሁ» የተባለበትን ነገር እየመረመርኩ ሳይ፣ አብዛኛው ከማጭበርበር ይልቅ የመለኪያ፣ የስያሜ ወይም የአድራሻ አለመግባባት ሆኖ ይገኛል።

ቆዳው ከታሰበው በላይ ስስ ሆኖ መጣ

ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አውንስ ነው። አሜሪካውያን ሻጮችና የእነርሱን ልማድ የሚከተሉ ሌሎች የቆዳን ውፍረት የሚናገሩት በአውንስ ሲሆን፣ አንዱ አውንስ የኢንች አንድ ስልሳ አራተኛ፣ ማለትም 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የአውሮፓ ሻጮች በአብዛኛው በሚሊ ሜትር ይጽፋሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አስቀምጦ መለኪያውን ይተወዋል። ለቀበቶ ከ8 እስከ 10 አውንስ፣ ማለትም ከ3.2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ ለኪስ ቦርሳ የውስጥ ክፍል ደግሞ ከ2 እስከ 3 አውንስ፣ ማለትም ከ0.8 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከመክፈልዎ በፊት ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ጥያቄውም መልሱም በገበያው ድረ-ገጽ የመልእክት ሳጥን ውስጥ ይቅር እንጂ ወደ ቴሌግራም ወይም ወደ ሌላ መልእክት መለዋወጫ አይሻገር፤ በኋላ ክርክር ቢነሣ ጉዳዩን የሚዳኘው ሰው የሚያየው እዚያ የተጻፈውን ብቻ ነውና።

ስሱ ቆዳ አንዴ ከመጣ ግን መጣል የለበትም። ሁለቱን ቁራጭ በሻካራ ገጻቸው አጣብቆ ዙሪያውን መስፋት ይቻላል፤ እኔም ያንን 1.6 ሚሊ ሜትር ደርቤ 3.2 አድርጌው ሁለት ቀበቶ ወጥቶልኛል፤ ጠርዙን ለማስተካከል የፈጀብኝ ጊዜ ግን ከቀበቶው ዋጋ በላይ ነበር።

ስፋቱ ልክ ነው፣ ቀበቶ ግን አይወጣውም

ቆዳ የሚሸጠው በስኩዌር ፉት ነው፤ አንዱ ስኩዌር ፉት በእያንዳንዱ ጎን 30.5 ሚሊ ሜትር ሳይሆን 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህን የምለው ከታናናሾቼ አንዱ በትክክል ይህን ስቶ ስላየሁ ነው። ዋናው ጉዳይ ግን ቅርጹ ነው። «12 ስኩዌር ፉት» የተባለው ባለ 30 ሴንቲ ሜትር 12 ቁራጭ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀበቶ አንድም አይወጣም። ሙሉ ጎን (የከብቱ ግማሽ ቆዳ) ቢሆን እንኳ የእግሩና የሆዱ ክፍል በልኬቱ ውስጥ ተቆጥሮ ይመጣል፤ የሆድ ቆዳ ደግሞ የላላና የሚለጠጥ በመሆኑ ክብደት ለሚሸከም ዕቃ አይሆንም። ስለዚህ ከስፋቱ ይልቅ ከየትኛው የአካል ክፍል እንደተቆረጠና ረጅሙ ቀጥ ያለ መስመር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ይጠይቁ። ለቀበቶ የጀርባ ወይም የትከሻ ክፍል ይመረጣል። በተጨማሪም ተጠቅልሎ እንጂ ታጥፎ እንዳይላክ ያሳስቡ፤ በወፍራም ቆዳ ላይ የታጠፈበት መስመር ቢረጥብና ክብደት ተጭኖበት ቢያድር ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

ቆዳው ማኅተም አይቀበልም፣ ጠርዙም አልለሰልስ አለ

ማኅተሙን በመዶሻ መትተው ምልክቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ከሞላ፣ ወይም ጠርዙን ቢያሹት ቢያሹት እንደ ጨርቅ እየተንጨፈረረ ካስቸገረ፣ የመጣልዎ በክሮም፣ ማለትም በማዕድን ጨው የለፋ ቆዳ ነው። ለማኅተምና ለሚያበራ ጠርዝ የሚሆነው በእጽዋት ጭማቂ የለፋው ነው። ለመለየት በቀለም ባልተሸፈነው በኩል አንድ ጠብታ ውሃ ያድርጉ፤ በእጽዋት የለፋው ውሃውን ቶሎ ጠጥቶ ቦታው ይጠቁራል። አሁንም ጥርጣሬ ካለ የጥፍር ያህል ቁራጭ ደጅ አውጥተው ያቃጥሉ፤ በክሮም የለፋው አረንጓዴ የሚመስል አመድ ይተዋል፣ በእጽዋት የለፋው ግን ቀስ ብሎ ከስሎ ግራጫ ይሆናል። ጭሱ ጥሩ ነገር ስላልሆነ በቤት ውስጥ አይሞክሩት።

እዚህ ላይ «ጄኒዩን ሌዘር» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቃሉ ቆዳ መሆኑን እንጂ የላይኛው ንጣፍ መሆኑን አይናገርም፤ ከታች የተሰነጠቀ ንጣፍ ላይ ፕላስቲክ ተቀብቶም በዚሁ ስም ይሸጣል። ከሁሉ የሚከፋው የቆዳ ብናኝ በሙጫ ተጋግሮ የሚሠራው ነው፤ ጠርዙን ቆርጠው ሲያዩት እንደ ካርቶን አንድ ወጥ ነው፣ ሲቀድዱት ደግሞ የእውነተኛ ቆዳ ክር የሚመስል ጭረት አይታይበትም። ለዚህ መጠገኛ የለውም፤ ገንዘብ ማስመለስ ብቻ ነው። በክሮም የለፋው ግን ጥሩ ቆዳ ነው፤ ጠርዙን በማሸት ፈንታ በጠርዝ ቀለም ሸፍነው ወይም ወደ ውስጥ አጥፈው ለቦርሳ ይጠቀሙበት።

በነገራችን ላይ ስስና ለስላሳ የበግ ወይም የፍየል ሌጦ የሚፈልግ ሰው ከውጭ ማዘዙ ለእኔ አይገባኝም። የአገራችን የበግ ሌጦ በዓለም ገበያ ለጓንት የሚፈለግ ነው፤ ሞጆ ላይ ያሉት ቆዳ ፋብሪካዎችም ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደሉም። ከውጭ ሊታዘዝ የሚገባው እዚህ በቀላሉ የማይገኘው ነው፦ በእጽዋት የለፋ ወፍራም የከብት ቆዳ፣ ጥሩ መብሻ፣ በሰም የተነከረ ክርና የናስ ዘለበት።

የስፌቱ ቀዳዳዎች አይገጥሙም

ሹካ የሚመስለውን ባለ ጥርስ መብሻ ሁለት ጥርስ ያለውን ከአንድ ሻጭ፣ ስድስት ጥርስ ያለውን ከሌላ ገዝተው ከሆነ፣ ሁለቱም «7 ቁጥር» ቢባሉ እንኳ ላይገጥሙ ይችላሉ። ቁጥሩ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚገባውን የስፌት ብዛት ይናገራል፤ አንዱ የሚቆጥረው በድሮው የፈረንሳይ ኢንች ሲሆን እርሱ 27.07 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ7 ሲካፈል 3.87 ገደማ ይመጣል፤ ሻጮች 3.85 ብለው የሚጽፉት ይህንን ነው። ሌላው በዛሬው 25.4 ሚሊ ሜትር ኢንች ቢቆጥር ያው 7 ቁጥር 3.63 ይሆናል። በአንዱ ስፌት ላይ ልዩነቱ ከፀጉር ብዙም አይበልጥም፤ በሃያኛው ስፌት ላይ ግን ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ደርሶ ፊትና ኋላው በአንድ ሙሉ ቀዳዳ ይለያያሉ። መፍትሄው በቁጥር ሳይሆን በሚሊ ሜትር ማዘዝና ሁሉንም መጠን ከአንድ ሻጭ መግዛት ነው። የመጣውን ለመፈተሽ ወረቀት ላይ ይምቱ፣ የመጀመሪያውን ጥርስ በመጨረሻው ቀዳዳ ውስጥ እያስገቡ 10 ጊዜ ይቀጥሉና በማስመሪያ ይለኩ።

መብሻው ቆዳው ውስጥ ተሰክቶ አልወጣ የሚል ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ሳይወለወል የተሸጠ ርካሽ ዕቃ ነው። 1000 ከዚያም 2000 ቁጥር ባለው የብርጭቆ ወረቀት በጥርሶቹ መካከል እየገቡ በትዕግሥት ያለስልሱት፤ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊትም ጥርሱን የንብ ሰም ላይ ይውጉት። ክርን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፦ «የተልባ ክር» ተብሎ የመጣው ጫፉ በክብሪት ሲነካ ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ከሠራ ፖሊስተር ነው፣ የወረቀት ሽታ ሰጥቶ አመድ ከሆነ ተልባ ነው።

«የናስ» ዘለበት ተሰበረ፣ ወይም ቀበቶው አልገባበት አለ

ማግኔት ብረትን እንጂ የዚንክ ቅይጥን አይለይም፤ ናስም ዚንክም ወደ ማግኔት አይሳቡምና። የማይታየውን ጥግ በሞረድ ትንሽ ይፋቁት፤ ናስ እስከ ውስጥ ቢጫ ነው፣ በቢጫ የተለበጠው ዚንክ ግን ነጣ ያለ ግራጫ ይገለጣል። ያልገባውን በተመለከተ ደግሞ የኢንች ነገር እንደገና ይመጣል፤ «አንድ ተኩል ኢንች» ማለት 38 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 40 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተቆረጠ ቀበቶ አያልፍበትም። ዘለበቱ ሳይመጣ ቆዳውን አይቁረጡ፤ ሲመጣም የውስጥ ስፋቱን ራስዎ ይለኩ።

ማስቲሹና ቀለሙ ከጥቅሉ ውስጥ ወጥቶ ቀርቷል

በአልኮል የተሠራ የቆዳ ቀለምና ማስቲሽ ተቀጣጣይ ስለሆኑ በተራ የአየር ፖስታ አይሄዱም፤ ሻጩ ቢልካቸውም መንገድ ላይ ይወሰዳሉ ወይም ጥቅሉ በሙሉ ይመለሳል። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ማስመጣትም በዚሁ ምክንያት አይቻልም፤ ቢላና ወስፌ ግን ለአየር መንገዱ በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ በደንብ ተጠቅልለው ከሆነ ይመጣሉ። ማስቲሽ ከመርካቶ ይግዙ፤ ቀለም የግድ ከውጭ ካስፈለገ በውሃ የሚሠራውን ይምረጡ፣ ለብቻውም ይዘዙት፣ ቢቀርም ሌላውን ዕቃ ይዞ እንዳይቀር።

ጥቅሉ የት እንዳለ አይታወቅም

በዓለም አቀፍ የፖስታ ሥርዓት የመከታተያ ቁጥር 13 ምልክት አለው፦ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ በመጨረሻም የላኪውን አገር የሚያመለክት ሁለት ፊደል። በኢ (E) ፊደል የሚጀምረው ፈጣኑ መልእክት፣ በሲ (C) የሚጀምረው ፓርሴል፣ በአር (R) የሚጀምረው ሪኮማንዴ (የአደራ ደብዳቤ) ነው፤ በዩ (U) የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከላኪው አገር ከወጣ በኋላ ክትትል የለውም። ስለዚህ «ከአገር ወጥቷል» ብሎ ለሳምንታት የቆመ ቁጥር ጠፋ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ለርካሽ ማጓጓዣ የተከፈለ ዋጋ ነው።

ደርሶ ያልተነገረዎት ከሆነ ምክንያቱን አድራሻው ላይ ይፈልጉ። የውጭ ድረ-ገጾች የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቃሉ፤ የእኛ ፖስታ ግን የሚሄደው ወደ ሳጥን ነው። በመጀመሪያው መስመር ስምዎን በመታወቂያዎ ላይ እንዳለው፣ በሁለተኛው የፖስታ ሳጥን ቁጥሩን ያስገቡ፤ የፖስታ ኮድ ለአዲስ አበባ 1000 ነው፤ ስልኩን ከ251 ጀምረው፣ የመጀመሪያውን ዜሮ ትተው ይጻፉ። የመከታተያ ቁጥሩንና መታወቂያዎን ይዘው ፖስታ ቤት ራስዎ ይሂዱ፤ እኔ አንድ ጥቅል ያገኘሁት ሦስት ሳምንት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው፣ ስልኩ አንድ አኃዝ ጎድሎት ኖሮ።

ጉምሩክ ከታሰበው በላይ ጠየቀ

ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ተደምሮበት ነው፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ ይመጣል። 30 ዶላር ለሚያወጣ መብሻ 40 ዶላር ማጓጓዣ የከፈለ ሰው የሚቀረጠው በ70 ዶላር መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ። ሻጩ «ስጦታ ብዬ ልጻፍልህ» ቢል አይቀበሉ፤ ጉምሩክ ዋጋውን ራሱ ሊገምት ይችላል፣ ጥቅሉ ቢጠፋም ካሳ የሚጠየቀው በተጻፈው ዋጋ ልክ ነው። አሜሪካ ባለ ዘመድ በኩል የሚያስገዙም ከቻይና የሚታዘዘው ዕቃ እዚያም እንደ ድሮው ነፃ እንዳልሆነ ይገንዘቡ፤ እስከ 800 ዶላር የነበረው ከቀረጥ ነፃ መብት በ2025 ለቻይና በግንቦት፣ ለሌሎች አገሮችም በነሐሴ መጨረሻ ተቋርጧል (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

ገንዘብ ይመለስልኝ ብለው ተከለከሉ

ሦስት ነገር ይህን ያስከትላል። የመጀመሪያው ጥቅሉን ሳይፈትሹ «ደርሶኛል» የሚለውን መጫን ነው። ሁለተኛው ሻጩ «ትንሽ ይታገሡ» እያለ የጥበቃው ጊዜ ማለፉ ነው፤ በፔይፓል ለተከፈለ ዕቃ ገደቡ ከክፍያው ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው፤ የየገበያው ድረ-ገጽ የራሱ ገደብ ግን ከዚህ ሊያጥር ስለሚችል ባዘዙበት ቀን አንብበው ቀን መቁጠሪያዎ ላይ ምልክት ያድርጉ። ሦስተኛው የእኛው የተለየ ችግር ነው፦ የብር ካርድ በውጭ ድረ-ገጽ ስለማይሠራ የሚከፍለው ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ይሆናል፤ ሂሳቡ የእርሷ ከሆነ ግን አቤቱታ ማቅረብ የምትችለውም እርሷ ብቻ ናት። ጥቅሉን ሲከፍቱ ስልክዎን አስደግፈው ቪዲዮ ይቅረጹ፤ በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ይታይ፣ ካሊፐሩ ቆዳውን ነክሶ ቁጥሩ እስኪነበብ ድረስ ይጠጋ። ከዚያም ፎቶውን ሻጩ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ከጻፈበት መልእክት ጋር ለእህትዎ በዚያው ዕለት ይላኩላት፤ አቤቱታውንም በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ታቅርበው፦ የታዘዘው ይህ ነው፣ የመጣው ይህ ነው።